ዩሮ 2፣ ዩሮ 4 እና የስፓዛ ባኪ፦ መለዋወጫው ለምን አይገጥምም?

ከአይቮሪ ፓርክ፣ ጆሃንስበርግ

እኛ በስደት ያለን ኢትዮጵያውያን ስንገናኝ የምንከራከርበት ጉዳይ አያልቅም። ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ወደብ፣ ስለ ታሪክ እንከራከራለን። ስለ መኪና መለዋወጫ ግን ቁም ነገር አድርጎ የሚያነሳ የለም፤ የጋራዥ ወሬ ተብሎ ይታለፋል። እኔ ግን ለወገኖቼ ሱቆች ዕቃ የሚያመላልሱ መኪኖችን እየጠገንኩ በአይቮሪ ፓርክ የምኖር ሰው ነኝና፣ አንዲት የማትገጥም ዕቃ ስንት ቤተሰብ ሥራ እንደምታስፈታ በየጊዜው አያለሁ። ችግሩም ብዙዎች እንደሚመስላቸው የነጋዴ ስስት ወይም የመካኒክ አላዋቂነት ብቻ አይደለም። ዋናው ሥሩ የዓለም አገሮች ስለ መኪና ጭስ ያወጧቸው ደንቦች መለያየታቸው ነው። ይህች ጽሑፍ ይህንኑ በተቻለ መጠን በቀላል አነጋገር ለማስረዳት የተጻፈች ናት። ውድ አንባቢያን፣ በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

ባኪ ለስፓዛ ምኑ ነው?

አይቮሪ ፓርክ በጆሃንስበርግ ከተማ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከሚድራንድ በስተምሥራቅ፣ ከቴምቢሳ ጋር ተጎራብታ የምትገኝ ሎኬሽን ናት። ሎኬሽን የምንለው አፓርታይድ ጥቁሮችን ከነጮች ከተማ ለይቶ ያሰፈረበትን ዓይነት ሰፈር ነው፤ አይቮሪ ፓርክ የተቆረቆረችው ግን ያ ሥርዓት ሊያከትም በተቃረበበት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ዛሬ በእንዲህ ዓይነት ሰፈሮች ውስጥ ስፓዛ የሚባሉትን ትናንሽ የሸቀጥ ሱቆች ከሚያንቀሳቅሱት መካከል ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ዱቄቱ፣ ዘይቱ፣ ስኳሩና ሳሙናው ከጅምላ አከፋፋይ የሚመጣው በባኪ ነው። ባኪ ማለት በዚህ አገር አነጋገር ፒክአፕ መኪና ነው። ብርድ ልብስና ልብስ የሚሸጡትም ጄፔ ድረስ፣ ማለትም ዛሬ ራሂማ ሙሳ ተብሎ ወደሚጠራው የመሀል ከተማ ጎዳና፣ የሚመላለሱት በዚያው ነው።

ባኪ ቆመ ማለት ሱቁ ባዶ ሆነ ማለት ነው። ሌላም ነገር አለ። በግንቦት 2008 ከአሌክሳንድራ ተነስቶ ወደ ሌሎች ከተሞች በተዛመተው በባዕዳን ላይ ያነጣጠረ ጥቃት 62 ሰዎች ሞተዋል። ከዚያ ወዲህ በሎኬሽን የሚነግድ ስደተኛ ሁሉ የሚነሳ መኪና በአጠገቡ መኖሩን ከሱቁ ቁልፍ እኩል ያየዋል። ክፉ ቀን ሲመጣ ሰውንም ዕቃንም ይዞ የሚወጣው ባኪው ነው። እንግዲህ ስለ መለዋወጫ የምናወራው ስለ እንጀራና ስለ ነፍስ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ዩሮ የሚባለው ነገር

አውሮፓ አንድ አዲስ መኪና በኪሎ ሜትር ስንት ግራም መርዛማ ጭስ ማውጣት እንደሚፈቀድለት የሚወስን ደንብ በደረጃ በደረጃ አውጥታለች። ዩሮ 1 በ1992 ጀመረ፤ ዩሮ 2 በ1996፣ ዩሮ 3 በ2000፣ ዩሮ 4 በ2005፣ ዩሮ 5 በ2009፣ ዩሮ 6 በ2014 ተከተሉ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በዩሮ 2 አንድ የናፍጣ አውቶሞቢል በኪሎ ሜትር ከ0.08 እስከ 0.10 ግራም ጥላሸት እንዲያወጣ ይፈቀድለት ነበር። በዩሮ 5 የተፈቀደው 0.005 ግራም ብቻ ነው። ይህም ቢያንስ አሥራ ስድስት እጥፍ ቅናሽ ነው።

አንድ ፋብሪካ ይህን ያህል ጭስ የሚቀንሰው ሞተሩን በሙሉ በመለወጥ አይደለም። ያው የሞተር ስም፣ ያው ብረት፣ ያው ፒስተን ሊሆን ይችላል። የሚለወጡት በዙሪያው ያሉት ናቸው፦ ናፍጣውን የሚረጨው ኢንጀክተር፣ ፖምፓው፣ የተቃጠለውን ጭስ ከፊሉን ወደ ሞተር የሚመልሰው ቫልቭ፣ ከማርሚታው በፊት የሚቀመጠው ካታሊቲክ ኮንቨርተር (እዚህ ባጭሩ ካት የሚሉት)፣ ኦክስጅን ሴንሰሮቹ፣ እንዲሁም ሁሉን የሚያዘው ኮምፒውተር። ስለዚህ ኮፈኑን ከፍቶ ለሚያይ ሰው ሁለት መኪኖች መንታ ይመስላሉ። ሲሠሩ ግን የተለያዩ ናቸው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። አውሮፓ ለቤንዚን መኪኖች ከ2001፣ ለናፍጣ መኪኖች ደግሞ ከ2004 ጀምሮ መኪናው የራሱን ጭስ ራሱ እንዲቆጣጠር አስገድዳለች። በቤንዚን መኪና ላይ ይህ የሚሆነው አንድ ኦክስጅን ሴንሰር ከካቱ በፊት፣ ሌላ ደግሞ ከካቱ በኋላ በማስቀመጥ ነው። ሁለተኛው ሴንሰር ሥራው ካቱን መሰለል ነው፤ ካቱ ደክሞ እንደሆነ ለኮምፒውተሩ ያሳብቃል፣ ቢጫዋ የሞተር መብራትም ትበራለች። በዩሮ 2 ደረጃ ግን ይህ ሁለተኛ ሰላይ ግዴታ አይደለም። አንዱ ሴንሰር ይበቃል።

የአንዲት ባኪ ታሪክ

የአንድ ወዳጄ ባኪ ኮምፒውተሯ በውሃ ተበላሸ። በጆሃንስበርግ አዲሱን ሲጠይቅ የተነገረው ዋጋ ከመኪናዋ ዋጋ ብዙም የማይርቅ ሆነበት። ይህቺው መኪና በአውሮፓ በሌላ ማርክ ስም ትሸጥ ነበርና፣ ጀርመን ያለ የአክስቱ ልጅ ከመኪና መፍቻ ግቢ ያገለገለ ኮምፒውተር በርካሽ ገዝቶ በሚመጣ ሰው ላከለት። ሶኬቱ ገጠመ፣ ቡሎኑም ገጠመ፣ ሁላችንም ደስ አለን።

የቁልፉን ኮድ የሚያስተካክል ባለሙያ ተገኝቶ ሞተሩ ተነሳ። ነገር ግን ቢጫዋ መብራት አልጠፋም አለች፤ መኪናዋ ዳገት ላይ ትለግማለች፣ ቤንዚንም ትጠጣለች። ምክንያቱ ሲመረመር ኮምፒውተሩ ከካቱ በኋላ የሌለውን ሁለተኛ ሴንሰር እየጠበቀ ነበር። የደቡብ አፍሪካዋ ባኪ ሴንሰሩ ብቻ ሳይሆን የሴንሰሩ ሽቦ እንኳ አልተዘረጋላትም። አዲስ ሽቦ መዘርጋት፣ የሴንሰሩን ቤት ቱቦው ላይ መበየድና ሴንሰሩን መግዛት ሲደመር ርካሹ ዕቃ ውድ ሆነ። ወዳጄ በዚህ መካከል አሥራ ሰባት ቀን ባኪ እየተከራየ ሱቁን አቆየ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይሉ የለ፤ ዋጋው ሣር ነው፣ ደንቡ ገደል።

በናፍጣ መኪናም ነገሩ ያው ነው። ቶዮታ 2.5 ሊትር የናፍጣ ሞተሩን በአንድ ስም ለብዙ አገሮች ሸጦታል፤ የኢንጀክተሩ ቁጥር ግን እንደየገበያውና እንደየደረጃው ይለያያል። በተጨማሪም ዘመናዊ ኢንጀክተር ብዙ ጊዜ በራሱ ላይ የተጻፈ መለያ ኮድ አለው፤ ያ ኮድ ለኮምፒውተሩ ካልተነገረ የናፍጣው መጠን ይዛባል፣ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ያጨሳል። ሻጩ «ያው ሞተር ነው» ሲል ውሸት አልተናገረም። ያልተናገረው ግማሹን ነው።

ደቡብ አፍሪካ ለምን በዩሮ 2 ቀረች?

ይህች አገር በአፍሪካ ትልቁን የመኪና ኢንዱስትሪ ከያዙት አንዷ ናት። ሆኖም አዲስ ለሚጸድቁ ሞዴሎች ከ2006፣ ለሁሉም አዲስ መኪኖች ከ2008 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ግዴታ ዩሮ 2 ነው፤ አውሮፓ ከ1996 ጀምሮ የተጠቀመችበት ማለት ነው። የሎኬሽን ነጋዴ ሁሉ ወዳጅ የነበረችው በካርቡሬተር የምትሠራው ኒሳን 1400 ከ1971 ጀምሮ ስትመረት ኖራ ምርቷ ያቆመው በዚያው በ2008 ነበር።

የመዘግየቱ ቁልፍ ያለው ነዳጁ ውስጥ ነው። ሰልፈር የሚባለው ንጥረ ነገር በነዳጅ ውስጥ ሲበዛ ካቱን ይመርዘዋል፤ የናፍጣ ጥላሸት ማጣሪያውንም ያደክመዋል። በዩሮ 5 መኪና የሚፈለገው ነዳጅ ከሚሊዮን 10 እጅ ሰልፈር ብቻ ያለው ነው። በደቡብ አፍሪካ በ2006ቱ ደንብ መሠረት መደበኛው ናፍጣ እስከ 500 እጅ እንዲኖረው ተፈቀደ፤ ከዚያ ጎን 50 እጅ ያለው የተሻለ ናፍጣም ይሸጥ ጀመር። መንግሥት ንጹሑን ነዳጅ ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ግዴታ ሊያደርግ በ2012 ደንብ አወጣ። የነዳጅ ማጣሪያ ፋብሪካዎች ማሻሻያው የሚጠይቀውን ገንዘብ ማን ይከፍላል የሚለው ክርክር ስላልተፈታ ቀኑ አለፈ። በ2021 አዲስ ደንብ ወጥቶ ለመስከረም 2023 ተቀጠረ፤ እሱም ወደ ሐምሌ 2027 ተሸጋገረ። በዚህ መካከል የደርባን ሁለት ትልልቅ ማጣሪያዎች ሥራ አቁመዋል።

የዚህ መዘግየት ውጤት አንድ አገር ውስጥ ሁለት ዓይነት መኪና መኖሩ ነው። በደርባን፣ በፕሬቶሪያና በካሪዬጋ ያሉት ፋብሪካዎች ለአውሮፓ የሚልኩትን በአውሮፓ ደረጃ ይሠራሉ፤ ለአገር ውስጥና ለአፍሪካ ገበያ ግን ብዙውን ጊዜ ዝቅ ያለውን ያቀርባሉ። ከውጭ የሚገቡት ውድ መኪኖች ደግሞ ዩሮ 5ና ዩሮ 6 ሆነው ይመጣሉ። ስለዚህ አንድ የመለዋወጫ ሻጭ ፊት የቆመ ሰው «የ2015 ሞዴል ነው» ቢል ምንም አልተናገረም። ዓመተ ምሕረት ብቻውን ደረጃን አይነግርም።

በዚህ ላይ ደቡብ አፍሪካ የራሷን ፋብሪካዎች ለመጠበቅ ያገለገለ መኪና ወደ አገር ማስገባትን በጥቂት ሁኔታዎች ካልሆነ አትፈቅድም፤ ያገለገለ ዕቃም ከንግድ አስተዳደር ኮሚሽን የማስገቢያ ፈቃድ ይጠይቃል። ከጃፓን የሚመጡት ያገለገሉ ሞተሮች ጆሃንስበርግ ውስጥ እንደ ልብ ይሸጣሉ፤ ነገር ግን የተሠሩት ለጃፓን ደንብና ለጃፓን ነዳጅ ነው። ሞተሩ ይገኛል፤ የሚያስማማው ኮምፒውተርና ሽቦ ግን አብሮት አይመጣም።

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው

ከሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው። ካት ጭስን የሚያጠራው ውስጡ ባለው ጥቂት ግራም ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም አማካይነት ነው። ከዓለም የማዕድን ፕላቲነም 70 በመቶ ያህሉ የሚወጣው ከደቡብ አፍሪካ ነው። በ1995 በተጀመረው የመኪና ኢንዱስትሪ ማበረታቻ ፕሮግራም ምክንያት የቀድሞዋ ፖርት ኤልዛቤት፣ የዛሬዋ ኬቤካ፣ ለዓለም ገበያ ካት ከሚያመርቱ ዋና ከተሞች አንዷ ሆናለች። ማዕድኑ የዚህ አገር፣ ፋብሪካው የዚህ አገር፤ ንጹሑ አየር ግን የሌላ አገር።

በሎኬሽን ደግሞ የተገላቢጦሹ ይሆናል። በ2021 የሮዲየም ዋጋ በአንድ አውንስ ወደ 30,000 ዶላር ሲጠጋ አሮጌ ካት የሚገዙ ሰዎች በየሰፈሩ በዙ። ባለ መኪናው ካቱን አስፈትቶ ይሸጣል፣ በምትኩ ባዶ ቱቦ ያስበይዳል። ለግል መኪና በየዓመቱ የሚደረግ የጭስ ምርመራ የለም፤ የብቃት ማረጋገጫ የሚጠየቀው በዋናነት መኪናው ባለቤት ሲለውጥ ነው። የካቱ ገንዘብ ለአንድ ወር የቤት ኪራይ ይሆናል፤ ጭሱ ግን ከሱቁ ጀርባ የሚተኙት ልጆች ሳንባ ውስጥ ይቀራል። ይህን የሚያደርገውን ድሃ መውቀስ ቀላል ነው። ትክክለኛው አዲስ ካት ግን ለእሱ የማይደረስበት መሆኑን ሳይጠቅሱ መውቀስ ፍትሕ አይደለም።

የአፍሪካ ችግር ብቻ ነውን?

አይደለም። አሜሪካ ያላችሁ አንባቢያን ይህን በራሳችሁ መኪና ልታዩት ትችላላችሁ። የፌዴራሉ የንጹሕ አየር ሕግ ካሊፎርኒያ የራሷን ጥብቅ ደንብ እንድታወጣ ፈቅዶላት ኖሯል፤ ከ1977 ማሻሻያ ወዲህም ሌሎች ስቴቶች የእሷን ደንብ መከተል ይችላሉ። ከ2009 ጀምሮ በካሊፎርኒያ የሚሸጥ ከዋናው ፋብሪካ ውጭ የተሠራ ካት የስቴቱ የፈቃድ ቁጥር ካልታተመበት አይፈቀድም። ኒውዮርክና ኮሎራዶም ይህንኑ ተከትለዋል። ስለዚህ ሎስ አንጀለስ ያለ ወገናችን ለመኪናው የሚገዛው ካት በሌላ ስቴት ከሚሸጠው በእጅጉ ውድ ነው። ልዩነቱ በዚያ አገር እያንዳንዱ መኪና ኮፈኑ ሥር የየትኛው ደንብ ተገዥ እንደሆነ የሚናገር ወረቀት የተለጠፈበት መሆኑ ነው። ዕቃው ይወደድበታል እንጂ ባለ መኪናው በጨለማ አይገዛም። እኛ ያጣነው ይህንን መረጃ ነው።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ

ለኢትዮጵያም ጉዳዩ ቅርብ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በ2020 ባወጣው ጥናት ከ2015 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል መኪኖች ወደ ውጭ ተልከዋል፤ ከነዚህ 80 በመቶው የሄዱት ወደ ድሆችና መካከለኛ ገቢ ወዳላቸው አገሮች ሲሆን ከአህጉራት ትልቁን ድርሻ የወሰደችው አፍሪካ ናት። አዲስ አበባ የዚህ ድብልቅ ሕያው ሙዚየም ናት። ቪትዝ ብለን የምንጠራት መኪና በጃፓን ቪትዝ፣ በአውሮፓ ያሪስ ተብላ የተሸጠች ናት። ከጃፓን፣ ከባሕረ ሰላጤው አገሮችና ከአውሮፓ የመጡት ጎን ለጎን ቆመው አንድ ይመስላሉ፤ ሆዳቸው ግን የሦስት አገር ደንብ ይዟል። ሶማሌ ተራ የሚሸጠው ሰውም፣ ከዋሽንግተን በሻንጣ ሴንሰር የሚልከው ዘመድም ብዙ ጊዜ የሚተማመኑት በመልክ ነው።

መንግሥት በ2020 ባወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ ከፍተኛ ታክስ ጣለ። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሎ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና አዞረ። የኤሌክትሪኩን ውሳኔ ደግፎም ተቃውሞም መከራከር ይቻላል። አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው፤ አዲስ የቤንዚን መኪና ካልገባ፣ ያሉት መኪኖች ረጅም ዘመን ይኖራሉ። ረጅም ዘመን ለመኖር ደግሞ መለዋወጫ ይፈልጋሉ። ካቱ ወልቆ፣ ሴንሰሩ ተቆርጦ፣ ኮምፒውተሩ ተሸውዶ የሚሄድ መኪና ሲበዛ ንጹሕ አየር ፍለጋ የተጀመረው ፖሊሲ በሌላ በር ጭስ ያስገባል። በየዓመቱ ቦሎ የሚሰጠው ምርመራ ይህን ለመያዝ መልካም አጋጣሚ ነበር፤ ሆኖም የመኪናው ደረጃ የትም ካልተመዘገበ መርማሪው በምን ይለካዋል?

እንግዲህ ምን ይደረግ?

አንዳንድ ወገኖች «ችግሩ የጭስ ደንቡ ነው፤ ካርቡሬተር በነበረበት ዘመን ሁሉም ከሁሉም ይገጥም ነበር» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። በዚያ ዘመን ቤንዚናችን ውስጥ እርሳስ ነበረበት፤ ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮች እርሳሱን ለማስወገድ በ2001 ዳካር ላይ ተስማምተው በ2006 መጀመሪያ ሲፈጽሙት ዓለም አልፈረሰም። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮችም ከ2015 ጀምሮ 50 እጅ ሰልፈር ባለው ናፍጣ ተስማምተዋል፤ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበር ደግሞ በ2020 በዩሮ 4 ላይ የጋራ ደንብ አውጥቷል። ጠላታችን ንጹሕ አየር አይደለም፤ እያንዳንዱ አገር በየራሱ ሰዓት መሄዱና ድሃው ገዢ ያንን የሚያውቅበት መንገድ ማጣቱ ነው።

ከመንግሥታት የሚጠበቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ነዳጁንና መኪናውን አብሮ ማሳደግ፤ ዩሮ 5 መኪና አስገብቶ 500 እጅ ሰልፈር ማጠጣት ብክነት ነው። ሁለተኛ፣ የመኪናውን የጭስ ደረጃ በሊብሬው ላይ መጻፍ። ይህ ምንም ያህል ወጪ የለውም። ደቡብ አፍሪካ በዚህ ረገድ አንድ የሚያበረታታ እርምጃ ወስዳለች፤ የውድድር ኮሚሽኗ ከሐምሌ 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው መመሪያ ከፋብሪካው ወኪል ውጭ ያለ ጋራዥም የቴክኒክ መረጃና ዋና መለዋወጫ የማግኘት ዕድል እንዲኖረው የሚል ነው። መመሪያው ሎኬሽን ድረስ ገና አልወረደም፤ ቢሆንም መብቱ መኖሩን ማወቅ ራሱ አንድ ነገር ነው።

እስከዚያው ድረስ ለዘመድ ዕቃ የምትልኩም ሆነ የምታስልኩ የሚከተሉትን ብታደርጉ ብዙ ገንዘብ ታድናላችሁ፦

1ኛ. ሞዴልና ዓመተ ምሕረት አይበቃም። ሙሉውን የሻንሲ ቁጥር ጠይቁ። ቁጥሩ በእንግሊዝኛው ‹ጄ› ከጀመረ መኪናው በጃፓን፣ በ‹ኤ› ከጀመረ ደግሞ ብዙ ጊዜ በደቡብ አፍሪካ የተሠራ ነው፤ ለየትኛው ገበያ እንደተሠራ የሚነግረው ግን ሙሉው ቁጥር ነው።

2ኛ. የተበላሸውን ዕቃ ሳትጥሉ በላዩ ያለውን ቁጥር በፎቶ አንሱ። መልክ ያሳስታል፣ ቁጥር አያሳስትም።

3ኛ. ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ራዲያቶር፣ መብራትና የአካል ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ከጭስ ደረጃ ጋር ግንኙነት የላቸውም፤ በነሱ ላይ ያለው ስጋት የመሪው ግራና ቀኝ መሆን ነው። ኮምፒውተር፣ ኢንጀክተር፣ ፖምፓ፣ ሴንሰርና ካት ከሆነ ግን ደረጃውን ሳታረጋግጡ ገንዘብ አታውጡ።

4ኛ. ከሌላ አገር ያገለገለ ሞተር ከተገዛ ከነኮምፒውተሩ፣ ከነሽቦውና ከነሴንሰሮቹ ይገዛ። ለብቻው የመጣ ሞተር ርካሽ የሚሆነው ያለ ምክንያት አይደለም።

5ኛ. ሴንሰር አስቆርጦ መብራት ማጥፋት ጥገና አይደለም። ዛሬ የጠፋችው መብራት ነገ በነዳጅ ወጪና በተቃጠለ ሞተር ትመለሳለች።

በመጨረሻም ለምሁራኖቻችን አንድ ቃል። በየዩኒቨርሲቲውና በየፋብሪካው በዚህ ሙያ የተሠማራችሁ ብዙ ናችሁ። ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚገኙት የመኪና ዓይነቶች የትኛው ቁጥር ከየትኛው ጋር እንደሚተካካ የሚያሳይ፣ በአማርኛ የተዘጋጀ አንድ ቀላል ሰንጠረዥ ለሶማሌ ተራ ነጋዴም፣ ለጄፔ ነጋዴም፣ ለመንገድ ዳር መካኒክም ታላቅ ውለታ ነው። ለዚህ ድጋፍ ሰጪ ድርጅት፣ የሚኒስትር ፊርማም ሆነ የፓርቲ ስብሰባ አያስፈልግም። ከየአገሩ ጥቂት ሰዎች ቢተባበሩ በአንድ ክረምት የሚያልቅ ሥራ ነው። ሥራውን ለመጀመር ፈቃደኛ የሆነ ቢኖር ከአይቮሪ ፓርክ በኩል ያለውን ድርሻ እኔ እወስዳለሁ።

ቸር እንሰንብት።